የቀድሞውን ድርሰት መጨረሻ ስለ መለወጥ

ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ደርሰው የተዉልን ድርሰት የማን ነው? የደራሲው ነው እንዳንል ደራሲው ሞቷል፤ የእኛ ነው እንዳንል እኛ አልደከምንበትም። መሬት ቢሆን ወራሽ ይከራከርበት ነበር፤ ቤት ቢሆን የገዛው ሰው አፍርሶ እንደ ወደደ ይሠራው ነበር። ድርሰት ግን እንዲህ አይደለም። ይልቁንም ቴአትርና ኦፔራ በወረቀት ላይ ብቻ ተኝተው ሲቀሩ እንደ ሙት ናቸው፤ በየጊዜው አንድ ሰው ተነሥቶ ነፍስ ሊዘራባቸው ያስፈልጋል። ነፍስ የሚዘራባቸውም ሰው የራሱ ዘመን ልጅ ስለ ሆነ የራሱን ዘመን ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ታዲያ አሮጌው ድርሰት አዲሱን ሕሊና ሲያስቀይመው የትኛው ለየትኛው ይታዘዝ?

ነገሩን በአንድ በተደረገ ነገር ብንመለከተው ይሻላል። በኢጣልያ አገር፣ የቶስካና ዋና ከተማ በሆነችው በፍሎሬንስ፣ ማጅዮ ሙዚካሌ የሚባል የኦፔራ ቤት አለ። ኦፔራ ማለት ተጫዋቾቹ በመናገር ፈንታ በዜማ የሚነጋገሩበት፣ ብዙ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያጅበው ቴአትር ነው። ይህ ቤት በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ካርመን የተባለውን ዝነኛ ኦፔራ በአዲስ አኳኋን አዘጋጅቶ አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዜማውን የደረሰው ዦርዥ ቢዜ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ኦፔራው መጀመሪያ በፓሪስ የታየው በመጋቢት 3 ቀን 1875 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ነውረኛ ድርሰት ነው ብሎ ነቀፈው፤ ደራሲውም ልክ በ3 ወሩ፣ ገና በ36 ዓመቱ፣ ሥራው በዓለም ሁሉ የሚወደድ መሆኑን ሳያይ ሞተ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በእስፓኝ አገር በሴቪልያ ከተማ ካርመን የምትባል የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ወገኗም በአውሮፓ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ በድህነትና በንቀት ከኖረው ከሮማ ሕዝብ ነው። ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ተጣልታ በጩቤ ስላቆሰለቻት ተያዘች፤ ዶን ዦዜ የሚባል ወታደርም እንዲያደርሳት ታዘዘ። እሱ ግን በፍቅሯ ተነድፎ አስመለጣት። በዚህም ጥፋት ታሰረ፤ ከእስራት ከወጣ በኋላም በአለቃው ላይ ሰይፍ መዘዘ፤ ክፍሉን ከዳ፤ ከካርመን ጋር ሆኖ ቀረጥ ሳይከፍሉ በሥውር ዕቃ ከሚያሻግሩ ነጋዴዎች ጋር በተራራ ገባ። ከጊዜ በኋላ ግን የካርመን ፍቅር በረደ፤ ኤስካሚዮ የሚባለውን ከኮርማ ጋር የሚዋጋ ስመ ጥር ሰው ወደደች። በመጨረሻው ክፍል ላይ ዦዜ የኮርማው ውጊያ በሚደረግበት ሜዳ ደጃፍ ጠብቆ ያገኛታል። ይለምናታል፤ ቆይቶም ያስፈራራታል። እሷም እንደማትወደው ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ የሰጣትንም ቀለበት አውልቃ ትወረውርለታለች። እሱም በጩቤ ወግቶ ይገድላታል።

በፍሎሬንስ ግን ካርመን አልሞተችም። ከዦዜ ላይ ሽጉጥ ነጥቃ እሱን ገደለችው። ይህን ያደረገው አዘጋጁ ሊዮ ሙስካቶ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመጣው ግን የቤቱ ኃላፊ ክሪስቲያኖ ኪያሮት ነበር። ሴቶች በባሎቻቸውና በወዳጆቻቸው እጅ በሚሞቱበት በዛሬው ዘመን ሕዝብ ተሰብስቦ የአንዲት ሴት መገደል ሲታይ ሊያጨበጭብ አይገባም የሚል ነው ምክንያቱ። በመጀመሪያውም ማታ ሽጉጡ አልተኩስ አለ። ካርመን ቃታውን ብትስብ ድምፅ ጠፋ፤ ዦዜ ግን መሞት ስለ ነበረበት ሳይተኮስበት ወደቀ። ከተመልካቹ አንዳንዱ በፉጨት ተቃወመ። በማግሥቱ ነገሩ በብዙ አገር ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ብዙ ሰውም ሳቀ።

እኔ ግን በዚህ መሳቅ ተገቢ አይመስለኝም። የሽጉጥ አለመተኮስ የመሣሪያ ጉድለት ነው እንጂ የሐሳብ ጉድለት አይደለም። ኃላፊው ያነሡት ነገር በእውነት የሚያሳስብ ነው። ‹‹እምቢ›› በማለቷ ብቻ የምትገደል ሴት በኢጣልያ አለች፤ በእኛም አገር አለች፤ የሌለችበት አገር ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ቴአትር ቤት ወንበር ላይ እኅቷ እንዲህ የሞተችባት ሴት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። መጋረጃው ሲወርድ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ በደስታ ሲያጨበጭብ እሷ ምን ታስብ? ጭብጨባው ለዘፋኞቹ ነው ብንላት እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ መልስ ልቧን የሚያሳርፍ አይመስለኝም።

ስለዚህ አዘጋጁን ‹‹የድሮውን አትንካ›› ብሎ በአንድ ቃል ማሳፈር ቀላል ቢሆንም ፍርድ አይሆንም። እንዲያውም ታሪክን የመረመረ ሰው የዚህ ዓይነቱ ለውጥ አዲስ አለመሆኑን ያገኘዋል። እስከ ዛሬ ዜማው ሙሉ ሆኖ ከተገኘው ኦፔራ ሁሉ ቀዳሚው በዚያችው በፍሎሬንስ በ1600 ዓ.ም. የታየው ኤውሪዲቼ የሚባለው ነው። በጥንቱ የግሪኮች ተረት ኦርፌዎስ ሚስቱን ከሙታን አገር ሊያወጣ ሄዶ፣ ዘወር ብሎ ስላያት ለዘላለም ያጣታል። በፍሎሬንስ ግን ድርሰቱ የተዘጋጀው ማሪያ ዴ ሜዲቺ ለፈረንሳይ ንጉሥ ስትዳር ለሠርጉ በዓል ስለ ነበረ፣ በሠርግ ላይ ሙሽራ የምትሞትበት ነገር ማሳየት ደስ አይልም ተብሎ ኤውሪዲቼ በደኅና ወደ ባሏ ተመለሰች። በእንግሊዝ አገርም ናሆም ቴት የሚባል ሰው በ1681 ዓ.ም. የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር አሻሽላለሁ ብሎ፣ የሞተችውን ኮርዴልያን አድኖ አጋባት፤ ሕዝቡም ከመቶ ዓመት በላይ በመድረክ ላይ ያየው የቴትን ነበር። ይህን የወደዱት መሃይምናን ብቻ ናቸው እንዳይባል፣ ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ታላቅ ሊቅ የሼክስፒርን ድርሰቶች በ1765 ዓ.ም. አርሞ ሲያሳትም፣ የኮርዴልያ ሞት እጅግ ስላስደነገጠው ለማረም እስኪገደድ ድረስ የመጨረሻውን ክፍል ደግሞ ለማንበብ እንዳልደፈረ ጽፏል።

የካርመንም ዕድል ከዚህ የተለየ አልነበረም። ኦፔራው ገና ሳይታይ፣ በፓሪስ የነበረው የዚያ ቴአትር ቤት አንደኛው አስተዳዳሪ አዶልፍ ደ ለቨን፣ እባካችሁ አትግደሏት ብሎ የግጥሙን ደራሲዎች ለምኖ ነበር። ቤቱ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ የሚመጣበት፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን ለማጋባት የሚተያዩበት ቦታ ስለ ሆነ ሞት በዚያ መድረክ ላይ አይታይ አለ። እነሱ ግን እሺ አላሉትም።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። በ1870ዎቹ አንድ ሰው ካርመን አትሙት አለ፤ በ2018 ዓ.ም. ሌላ ሰው ካርመን አትሙት አለ። ልመናው አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የፊተኛው የፈራው የተመልካቹ ደስታ እንዳይደፈርስ ነው፤ የኋለኛው የፈራው የሴት ልጅ ክብር እንዳይደፈር ነው። የኋለኛው ሐሳብ የሚበልጥ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሁለቱም ያዘዙት አንድ መድኃኒት ነው፤ ይኸውም የሚያሳዝነውን ነገር ከዓይን ማራቅ።

አንድ ተከራካሪ ቢኖር እንዲህ ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል፦ ቢዜና ባልደረቦቹስ ራሳቸው የሌላ ሰው ድርሰት አልለወጡምን? በእርግጥ ለውጠዋል። ታሪኩን በ1845 ዓ.ም. አስቀድሞ የጻፈው ፕሮስፔር ሜሪሜ ነው። በሜሪሜ መጽሐፍ ታሪኩን የሚተርከው ዦዜ ራሱ፣ ሊገደል ሲጠባበቅ በወኅኒ ቤት ሆኖ ነው፤ ካርመንንም የሚገድላት ሰው በሌለበት ጭር ባለ ገደል ውስጥ ነው። ኦፔራው ግን ግድያውን ከገደሉ አውጥቶ ሕዝብ ወደ ተሰበሰበበት ወደ ኮርማው ሜዳ ደጃፍ አመጣው። ታዲያ እነሱ የለወጡትን ሙስካቶ ቢለውጠው ምን ነውር አለበት? መልሴ ይህ ነው፦ እነሱ ከሜሪሜ እሳት ጭረው የራሳቸውን ምድጃ አነደዱ። የሜሪሜም መጽሐፍ በስሙ እንደ ነበረ ቀረ። ከምድጃው ራስ ተቀምጦ እሳቱን ማጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። የፍሎሬንሱ ካርመን የቢዜን ስም ይዞ፣ የቢዜን ዜማ ከዳር እስከ ዳር እየዘመረ፣ ዜማው የሚናገረውን ነገር በመጨረሻው ሰዓት ሐሰት ያደርገዋል። ገና ከመጋረጃው መከፈት በፊት በመሰንቆ ወገን መሣሪያዎች የሚሰማ አንድ ጨለማ ዜማ አለ፤ ካርመን ስትወጣ ይመለሳል፤ ካርታ ዘርግታ ዕድሏን ስታይና ሞቷን ስታገኝበት ይመለሳል፤ በመጨረሻዋም ሰዓት ይመለሳል። ጆሮ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ሽጉጥ ቢተኮስም ባይተኮስም ያን ዜማ ሊያስተባብለው አይችልም።

ደግሞም ካርመንን በማዳን ምን እንደ ተወሰደባት እንመልከት። ካርመን ቅድስት አይደለችም። ትዋሻለች፤ ታታልላለች፤ ጩቤም ታነሣለች። በአንድ ነገር ግን ከዚያ መድረክ ላይ ካሉት ሁሉ ትበልጣለች። በመጨረሻው ሰዓት ‹‹እወድሃለሁ›› የሚል አንድ ቃል ብትናገር ነፍሷን ታድን ነበር። ጓደኞቿ ሰውዬው ከሕዝቡ መካከል ተሸሽጎ እንዳለ ነግረዋታል፤ ሞቷንም በካርታ አይታለች፤ ያን አንድ የሐሰት ቃል ግን አልተናገረችም። በሕይወቷ ብዙ የዋሸች ሴት ሕይወቷን በሚያድን ውሸት ላይ ስትደርስ ቆመች። የዚህ ድርሰት ታላቅነቱ እዚህ ላይ ነው። ሽጉጥ በእጇ ስናደርግላት ግን ጥያቄው ማን እውነት ተናገረ የሚል መሆኑ ቀርቶ ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚል ይሆናል። ዦዜ በጉልበት ያምን ነበር፤ አሁን እሷም በጉልበት አመነች፤ ስለዚህ መድረኩ ላይ የቀረው የዦዜ ሃይማኖት ብቻ ነው።

አሁን ስለ ዦዜ ጥቂት መናገር አለብኝ፤ በተለይ ወንዶች ወጣቶች ይህን እንዲያስተውሉት እወዳለሁ። ብዙ ተመልካች ይህን ሰው ያዝንለታል፤ ስለ እሷ ብሎ ማዕረጉን አጣ፣ እናቱን አሳዘነ፣ አገሩን ተወ ይላል። ዦዜም ራሱ እንዲህ ነው የሚያስበው። ያጣውን ሁሉ እየቆጠረ በእሷ ስም ይጽፈዋል፤ በመጨረሻም ዕዳሽን ክፈዪኝ ይላታል። ነገር ግን ከእነዚህ ነገሮች አንዱን እንኳ ያበደረችው እሷ ናትን? እሷ አስመልጠኝ አለችው፤ እሱም ፈቅዶ አስመለጣት። በፈቃዱ የሰጠውን ነገር በኋላ እንደ ብድር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያም አልሰጠም፤ የገዛ መስሎት ነበር እንጂ። በአገራችን ዘፈን የወደደ ሰው ‹‹ልሙትልሽ›› ይላል፤ ይህ የፍቅር ቋንቋ ነው። ‹‹ልሙትልሽ›› ብሎ የጀመረው ሰው እሷ እምቢ ስትለው ‹‹ሙችልኝ›› ወደ ማለት የሚሻገርበትን መንገድ ነው ይህ ኦፔራ የሚያሳየን። መንገዱም እንደምናስበው ረጅም አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎን ያነበበ ወጣት ይህንኑ በሌላ መልክ አይቶታል፤ ኦቴሎም ዴስዴሞናን የሚገድላት እወዳታለሁ እያለ ነው።

‹‹በፍቅር ገደላት›› የሚለው ቃል ከንግግራችን መውጣት ያለበት ቃል ነው። ኃላፊው የተቆጡት በዚህ ቃል ላይ ከሆነ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ስንት ጊዜ ይህ ኦፔራ ገዳዩን የፍቅር ሰማዕት፣ የሞተችውን ሴት ደግሞ የገዛ ሞቷ ምክንያት አስመስሎ ታይቷል! ያ ግን የአዘጋጆቹና የተመልካቾቹ ስሕተት ነው፤ ቢዜ ሌላ ነገር አዘጋጅቶ ነበር።

ያንን የመጨረሻ ክፍል እንደ ገና እንየው። ሁለቱ ሰዎች ከኮርማው ሜዳ ግንብ ውጭ ብቻቸውን ቆመዋል። ግንቡ ውስጥ ሕዝብ ሞልቷል፤ እኛ ግን አናየውም፤ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ዦዜ ሲለምን ከግንቡ ውስጥ እልልታ ይሰማል፤ ካርመን እምቢ ስትል ደግሞ እልልታ ይሰማል። ሕዝቡ ደስ ያለው ኮርማው ሲወጋ አይቶ ነው፤ ከግንቡ ወዲህ ደግሞ ሴት ትወጋለች። እሷ ስትወድቅ የድሉ መዝሙር አላቋረጠም። ከዚያ በሩ ይከፈትና ሕዝቡ በደስታ እንደ ሞቀ ይወጣል፤ በድን ያገኛል። እንግዲህ ለሴት መገደል የሚያጨበጭበው ሕዝብ በኦፔራው ውስጥ አስቀድሞ አለ! ኪያሮት በ2018 ዓ.ም. ያፈሩበትን ጭብጨባ ቢዜ በ1875 ዓ.ም. ከግንቡ በስተ ጀርባ አስቀምጦታል። እኛ በወንበራችን ላይ ሆነን ስናጨበጭብ ያኛው ሕዝብ እኛው ራሳችን መሆናችንን እንድናውቅ የተሰናዳ መስተዋት ነው። ካርመን ከዳነች ግን መስተዋቱ ተሰበረ፤ እኛም ያለ ኀፍረት፣ እንዲያውም ደግ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ደስ ብሎን፣ ለሌላ ሰው መገደል አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። የዦዜ በድን ግን አሁንም መድረኩ ላይ ነው።

ይህን ስል አዘጋጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። በእኛ አገር የመጻሕፍት መምህራን የነበራቸው ልማድ ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። መምህሩ ንባቡን አንድ ፊደል ሳይለውጥ ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ ሰጥቶም አይበቃውም፤ ‹‹አንድም›› ብሎ ሌላ ትርጓሜ ያመጣል፤ እንደ ገናም ‹‹አንድም›› ይላል። አንዱ ትርጓሜ ሌላውን የሚቃወምበት ጊዜ እንኳ አለ። ንባቡ አስቸጋሪ በሆነ መጠን አንድምታው ይበዛል። ብራናውን በምላጭ የሚፍቀው ግን ቁም ጸሐፊው ነው፤ እሱም የሚፍቀው የራሱን የእጅ ስሕተት ነው እንጂ ያልተስማማውን ነገር አይደለም። ንባቡን ያልተስማማው ሁሉ እየፋቀ ቢጽፍበት ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው የመጨረሻው ፋቂ ሐሳብ ብቻ በሆነ ነበር፤ የእኛንም ሐሳብ ከእኛ በኋላ የሚመጣው በፋቀው ነበር።

የኦፔራ አዘጋጅም የፈለገውን ያህል ‹‹አንድም›› ይበል። ታሪኩን ከ1820 ዓ.ም. ሴቪልያ አውጥቶ ወደ ዛሬ ያምጣው፤ ሙስካቶም ወደ ራሱ ዘመን አቅርቦት ነበር፤ በዚህ አልነቅፈውም። ዦዜን መልከ መልካም ያልታደለ ወጣት አድርጎ በማሳየት ፈንታ እንደ ሆነው ያሳየው፤ በጥላቻውና በትምክሕቱ፣ የምትሸሸውን ሴት ከከተማ ከተማ እየተከተለ። ካርመንን ሌባና አታላይ ብቻ አስመስሎ ማሳየት ይቅር። ወይም ጨርሶ ሌላ ድርሰት ይሠራ፤ የምትሞተው ሴት የምትድንበት፣ ጎረቤቱ ጩኸቷን ሰምቶ በሩን የሚሰብርበት አዲስ ድርሰት ዓለም በጣም ያስፈልጋታል። ዦዜን የሚመስል ሰው ሲነሣ ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ድርሰት ቢደረስ እኔም ከመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አንዱ ለመሆን እወዳለሁ። ነገር ግን በራሱ ስም ይደረስ።

እኅቷ ስለ ሞተችባት ስለዚያች ሴት አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። ለእሷ የትኛው መጨረሻ ይሻላል? ይህን በእሷ ፈንታ ሆኜ ልመልስ አልደፍርም። አንዲቱ ካርመን ስትድን አይታ ለአንድ ማታ ትጽናና ይሆናል። ሌላይቱ ግን እኅቴ አልዳነችም፤ በቴአትር ውስጥ እንኳ እውነቱን ልትነግሩኝ ለምን ፈራችሁ ትል ይሆናል። ሁለቱም ሊከበሩ ይገባቸዋል። እኔ የምፈራው ስለ ሌሎቻችን ነው፤ ማንም ያልሞተብን፣ ከግንቡ ውስጥ ሆነን ሌላ ነገር ስንመለከት ከደጅ የሚሰማውን ጩኸት ሰምተን የማናውቅ ሰዎች።

አዘጋጅ ብሆን ኖሮ የማደርገው ነገር አንድ ነው። ከግንቡ ውስጥ የመጨረሻው እልልታ በሚሰማበት ጊዜ የመድረኩን መብራት ሳይሆን የአዳራሹን መብራት አስበራ ነበር። ተመልካቹ ሁሉ ጎረቤቱን በብርሃን እያየ፣ ካርመን በጨለማ ውስጥ ስትወድቅ ይሰማ ነበር።